ፍሪኩዌንሲ በድንገት ሲወርድ፦ የኃይል ኔትወርክን በሰከንዶች ውስጥ ለሚደርስ ምላሽ ማዘጋጀት

አንድ 200 ሜጋ ዋት ጄነሬተር ትሪፕ አደረገ፣ ማለትም በድንገት ከኔትወርኩ ወጣ እንበል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ያለው ኦፕሬተር ማንቂያውን ሰምቶ ቀና እስኪል ሁለት ሰከንድ ያልፋል። ምን እንደወደቀ ከስክሪኑ ላይ አንብቦ እስኪረዳ ሌላ አምስት ወይም አሥር ሰከንድ ይሄዳል። ስልክ ሲያነሳ ነገሩ ለይቶለታል። ወይ ኔትወርኩ ራሱን ይዟል፣ ወይ መብራት ሄዷል።

በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ቀድሞ የተወሰነ ነው። የትኛው ማሽን ይዞራል? የማሽኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ገቨርነር እንዴት ተስተካክሏል? ባትሪው በስንት ሄርዝ ይነሳል? የትኛው መስመር ቀድሞ ይቆረጣል? ይህን የሚወስነው ከቀናት በፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያሰላው ሰው ነው። ይህ መመሪያ ለዚያ ሰው ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ያዙልኝ። «ሪዘርቭ ስንት ሜጋ ዋት አለን?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኗል። ሪዘርቭ ማለት ጉድለት ሲፈጠር ሊጨመር የሚችል ተጠባባቂ ኃይል ነው። ጥያቄው ግን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «በስንት ሰከንድ ይደርሳል?» የሚለው ነው። ሁለቱ አብረው ካልተጠየቁ ወረቀት ላይ በቂ የሆነ ሪዘርቭ ኔትወርኩን ላያድነው ይችላል። ይህን ታች በቁጥር እናየዋለን።

ደረጃ 1፦ የምትሠሩበትን ምሳሌ አስቀምጡ

ካልኩሌተርና ወረቀት ያዙ። አንድ ኔትወርክ እናስብ፦ ደንበኞች የሚወስዱት ኃይል፣ ማለትም ሎዱ፣ 3000 ሜጋ ዋት ነው። የሚሽከረከሩት ጄነሬተሮች አቅም በድምሩ 4000 ሜጋ ቮልት አምፒር ነው። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበት ቁጥር፣ 50 ሄርዝ ነው። ትልቁ ሊወድቅ የሚችል ማሽን 200 ሜጋ ዋት ያመነጫል።

በ50 ሄርዝ ኔትወርክ ላይ ሁለት ፖል (የማግኔት ዋልታ) ያለው የእንፋሎት ጄነሬተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። 48 ፖል ያለው የውሃ ጄነሬተር 125 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ፍጥነታቸው እንዲህ ቢራራቅም በአንድ ኔትወርክ እስከተያያዙ ድረስ በኤሌክትሪክ ተቆላልፈዋል። አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይዘገያሉ። የሚመነጨውና የሚወሰደው ኃይል እኩል ሲሆን ፍጥነቱ ባለበት ይቆያል። ሎድ ሲበልጥ ይወርዳል፣ ምርት ሲበልጥ ይወጣል።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ሰከንድ ምን ያህል እንደሚወርድ አስሉ

ማሽኑ ሲወድቅ ሎዱ አይቀንስም። መብራቱም ሞተሩም የለመደውን መሳቡን ይቀጥላል። የጎደለው 200 ሜጋ ዋት ከየት ይመጣል? ከሚሽከረከሩት ብረቶች ነው። የቀሩት ጄነሬተሮች ዘንግ ላይ የተከማቸው ኢነርጂ ወዲያው ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ማንም አያዝም፣ ምንም ቫልቭ አይከፈትም። ለወደቀው ማሽን ቅርብ የሆኑት ቀድመው ሸክሙን ይቀበላሉ፤ ከዚያ ሁሉም እንደየክብደታቸው ይካፈሉታል። ዋጋው ፍጥነታቸው መቀነሱ ነው። ይህ ኢነርሺያ ይባላል።

እያንዳንዱ ማሽን በሰከንድ የሚለካ የኢነርሺያ ቁጥር አለው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ ማሽኑ በሽክርክሪቱ ውስጥ ያከማቸውን ኢነርጂ በሙሉ አቅሙ ቢያወጣ ለስንት ሰከንድ ይበቃዋል? አብዛኞቹ ትልልቅ ማሽኖች ከ2 እስከ 8 ሰከንድ ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ለምሳሌያችን በአማካይ 4 እንያዝ። 4000 ሲባዛ በ4፣ 16,000 ሜጋ ዋት ሰከንድ ይሆናል።

ስሌቱ ይኸው፦ የጎደለው ኃይል በ50 ይባዛል፤ ከዚያ የተከማቸው ኢነርጂ ሁለት እጥፍ ይካፈለዋል። 200 × 50 ÷ (2 × 16,000) = 0.31። ፍሪኩዌንሲው በመጀመሪያ ላይ በሰከንድ 0.31 ሄርዝ ይወርዳል። በዚህ ፍጥነት ቢቀጥል፣ በምሳሌያችን ሎድ መቆረጥ የሚጀምርበት 49 ሄርዝ ለመድረስ 3.2 ሰከንድ አለን።

አሁን ፀሐይ በደመቀችበት ቀን እንድገመው። ሶላር ብዙ ስለሚያመነጭ ግማሾቹ ጄነሬተሮች ቆመዋል። የሶላሩን ኃይል ወደ ኔትወርኩ ሞገድ የሚለውጠው የተለመደው ኢንቨርተር የሚሽከረከር ብረት የለውም። የተከማቸው ኢነርጂ ወደ 8,000 ወረደ። ያው 200 ሜጋ ዋት ሲጎድል አወራረዱ በሰከንድ 0.63 ሄርዝ ይሆናል። 49 ለመድረስ 1.6 ሰከንድ ብቻ አለን። ሎዱ ያው፣ ጉድለቱም ያው፣ ጊዜው ግን ግማሽ። ስለዚህ ይህን ስሌት በዓመት አንድ ጊዜ ሠርቶ ማስቀመጥ አይበቃም። ቢያንስ ለቀትር፣ ለምሽትና ለሌሊት ለየብቻ ሥሩት።

በጣም ሲፈጥን ምን እንደሚመጣ ደቡብ አውስትራሊያ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2016 ማዕበል የማስተላለፊያ ማማዎችን ጣለ፣ በርካታ የነፋስ ማመንጫዎች ምርታቸውን ቀነሱ፣ ከጎረቤት ግዛት ጋር የሚያገናኘው መስመርም ከአቅም በላይ ተጭኖ ተቆረጠ። ግዛቲቱ ለብቻዋ ስትቀር ፍሪኩዌንሲው በሰከንድ ወደ 6 ሄርዝ ገደማ ወደቀ። ፍሪኩዌንሲ ሲወርድ በራሳቸው ሎድ የሚቆርጡት መሣሪያዎች (ሪሌዎች) ተተክለው ነበር። ሥራቸውን የሚሠሩበት ጊዜ ግን አላገኙም። መላው ግዛት ጨለመ።

ደረጃ 3፦ ገቨርነሮቹን አንድ በአንድ ፈትሹ

ኢነርሺያ መውደቁን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። የሚያቆመው ገቨርነር ነው። የማሽኑን ፍጥነት እያነበበ ውሃ ወይም እንፋሎት ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ምን ያህል እንደሚጨምር የሚወስነው ድሩፕ የሚባለው ቅንብር ነው።

5 በመቶ ድሩፕ ማለት ፍሪኩዌንሲው በ5 በመቶ፣ ማለትም በ2.5 ሄርዝ ቢወርድ ማሽኑ ከባዶ እስከ ሙሉ አቅሙ ይከፍታል ማለት ነው። ከ4000ው ግማሹ፣ ማለትም 2000ው፣ የሚሠራ ገቨርነር ቢኖረው 2000 ÷ 2.5 = 800 ሜጋ ዋት በሄርዝ እናገኛለን። ሎዱም ትንሽ ይረዳል፤ በቀጥታ የተያያዙ ሞተሮች ሲዘገዩ የሚስቡት ይቀንሳል። ይህን 60 ሜጋ ዋት በሄርዝ እንበለው። 200 ÷ 860 = 0.23። ነገሩ ሲረጋጋ ፍሪኩዌንሲው 49.77 ላይ ይቆማል። 50 ላይ አይመለስም፤ ድሩፕ የተሠራው ለዚያ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው እፎይ ይላል። 49.77 ምንም አይደለም! ግን ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው። መንገድ ላይ እስከ ስንት እንደሚወርድ አልነገረንም።

የውሃ ተርባይንን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ገቨርነሩ ሲያዝ ግፊት ያለው ዘይት ሰርቮሞተሩን ይገፋል፤ ተርባይኑን የከበቡት በሮች መከፈት ይጀምራሉ። ከላይ የሚወርደው ረጅም ቧንቧ ውስጥ ያለው ውሃ ግን ከባድ ነው፤ ወዲያው አይፈጥንም። በሩ ሰፋ፣ ውሃው ገና በድሮው ፍጥነቱ ነው፤ ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ግፊት ይወርዳል። ውጤቱ ሰው አይጠብቀውም፦ ተጨማሪ ኃይል በጠየቃችሁበት ቅጽበት ማሽኑ የሚሰጠው ይቀንሳል። ውሃው ፍጥነት ሲይዝ ብቻ ነው ኃይሉ ወደ ላይ የሚወጣው። በሩን በኃይል መክፈት ደግሞ ያባብሰዋል። ለዚህ ነው የውሃ ገቨርነሮች ለጊዜው እንዲቆጠቡ ተደርገው የሚስተካከሉት። በውሃ ላይ ብቻ የቆመ ኔትወርክ ሪዘርቩ ሞልቶ የተረፈ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ደካማ ሊሆን ይችላል።

ጋዝ ተርባይን ሌላ ጠባይ አለው። ፍጥነቱ ሲወርድ የሚስበው አየርም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ከፍተኛ አቅሙ ራሱ ዝቅ ይላል፤ ያውም በጣም በምትፈልጉት ሰዓት። የእንፋሎት ማሽን ከቦይለሩ ውስጥ የተጠራቀመ እንፋሎት ስላለው ቶሎ ይጀምራል፣ ቀጥሎ ግን ይንገዳገዳል።

በየማሽኑ የምታዩት ይህን ነው። ገቨርነሩ ክፍት ነው ወይስ ታግዷል? ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ እየሠራ ከሆነ ገቨርነሩ ቢኖርም የሚጨምረው የለውም፤ ከሪዘርቭ ዝርዝር አውጡት። 200 ሜጋ ዋቱ ሪዘርቭ አንድ ማሽን ላይ ተከምሮ እንደሆነም እዩ። የሚወድቀው እሱ ራሱ ቢሆንስ? ሪዘርቭ ሲበታተን ይሻላል። አሥር ማሽኖች እያንዳንዳቸው 20 ሜጋ ዋት መጨመር፣ አንድ ማሽን 200 ከመጨመር በጣም ይፈጥናል።

ደረጃ 4፦ የታችኛውን ነጥብ አስሉ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ደረጃ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሪዘርቩ 200 ሜጋ ዋት ነው፣ በሰከንድ 20 ሜጋ ዋት እየጨመረ ይመጣል እንበል። ጉድለቱ የሚሞላው በ10 ሰከንድ ነው። በእነዚህ 10 ሰከንዶች ውስጥ ጉድለቱ ከ200 ወደ ዜሮ ስለሚወርድ በአማካይ 100 ነው። 100 ሜጋ ዋት ለ10 ሰከንድ፣ 1000 ሜጋ ዋት ሰከንድ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከሚሽከረከሩት ብረቶች ይወጣል። 1000 × 50 ÷ 32,000 = 1.56። ፍሪኩዌንሲው 48.44 ድረስ ይወርዳል። ሎዱ የሚሰጠውን እርዳታ ብንጨምር ቁጥሩ ትንሽ ይሻሻላል፣ አደጋው ግን አይጠፋም።

አሁን ያው 200 ሜጋ ዋት በሰከንድ 40 እየጨመረ ይምጣ። ጉድለቱ በ5 ሰከንድ ይሞላል። 500 ሜጋ ዋት ሰከንድ ብቻ ይወጣል። አወራረዱ 0.78 ሄርዝ ነው፤ የታችኛው ነጥብ 49.22 ይሆናል።

ሪዘርቩ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ኔትወርክ 49 ሄርዝን ጥሶ ሰዎችን ጨለማ ውስጥ ይከታል፣ ሌላው ግን ማንም ሳያውቅ ያልፋል።

ደረጃ 5፦ ፈጣኑን ኃይል የት እንደምታስገቡ ወስኑ

ዘገምተኛውን ኔትወርክ ይዘን 60 ሜጋ ዋት ባትሪ እንጨምርበት። ባትሪው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሙሉ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ማሽኖቹ መሙላት ያለባቸው 140 ብቻ ነው፤ በሰከንድ 20 እየጨመሩ በ7ኛው ሰከንድ ይደርሳሉ። ከብረቶቹ የሚወጣው ኢነርጂ 520 ሜጋ ዋት ሰከንድ ይሆናል። የታችኛው ነጥብ ከ48.44 ወደ 49.19 ከፍ አለ። ስድሳ ሜጋ ዋት ብቻ! ስለ ባትሪ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ለስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ለዚህ ሥራ ግን ሰዓቱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ የመጀመሪያው ሰከንድ ነው።

ደቡብ አውስትራሊያ ከዚያ ጨለማ በኋላ በ2017 ሆርንስዴል ላይ 100 ሜጋ ዋት ባትሪ ተከለች። ታላቋ ብሪታኒያም በ2020 አዲስ ዓይነት ፈጣን አገልግሎት ጀመረች፦ ፍሪኩዌንሲው በ0.5 ሄርዝ ሲያፈነግጥ ሙሉ ኃይሉን በአንድ ሰከንድ ውስጥ መስጠት ግዴታ ነው።

ቅንብሩ ላይ ግን አትቸኩሉ። ባትሪው ፍሪኩዌንሲን የሚያውቀው ለክቶ ነው፣ መለኪያ ደግሞ ይሳሳታል። መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር የቮልቴጁ ሞገድ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ በጣም በአጭር ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ይህን እንደ ፍሪኩዌንሲ መውደቅ ሊያነበው ይችላል። ረጅም ጊዜ ከለካ ደግሞ ይዘገያል። አየርላንድ የአወራረዱን ፍጥነት በ500 ሚሊ ሰከንድ ነው የምትለካው። ባትሪው በትንሹ በትልቁ እንዳይነሳም ግድ የማይሰጠውን ጠባብ ክልል ለኩለት። ሁልጊዜ ግማሽ ያህል ተሞልቶ እንዲቆይም አድርጉ። ሙሉ ከሆነ ፍሪኩዌንሲ ሲወጣ መዋጥ አይችልም፣ ባዶ ከሆነ ሲወርድ መስጠት አይችልም።

ኢንቨርተር ስትመርጡ ኔትወርኩን ተከትሎ የሚሄድ ነው ወይስ ራሱ ሞገዱን የሚፈጥር ነው ብላችሁ ጠይቁ። ተከታዩ መጀመሪያ ይለካል፣ ከዚያ ይመልሳል። ሞገድ ፈጣሪው እንደ ጄነሬተር ነው፤ ጉድለቱ በተፈጠረበት ቅጽበት ሳይለካ መስጠት ይጀምራል። ኢነርሺያ ለከዳው ኔትወርክ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሌላው መንገድ ነዳጅ ሳያቃጥል የሚዞር ሲንክሮነስ ኮንደንሰር ከከባድ መሽከርከሪያ ጎማ ጋር መትከል ነው። ደቡብ አውስትራሊያ በ2021 አራት አስገብታለች።

ደረጃ 6፦ መቆረጥ ካለበት ማን እንደሚቆረጥ ቀድማችሁ ወስኑ

ሁሉም ካልበቃ ሎድ ይቆረጣል። ከባድ ውሳኔ ነው፣ ግን ሁሉም ከሚጨልም ይሻላል። በአህጉራዊ አውሮፓ መቁረጥ የሚጀምረው 49 ሄርዝ ላይ ነው፤ እስከ 48 ድረስ በየደረጃው ይቀጥላል። 47.5 ላይ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለማዳን እንዲለቁ ይፈቀድላቸዋል። ረጃጅም የእንፋሎት ተርባይን ምላጮች ከተለመደው ፍጥነት ውጭ ሲሠሩ በንዝረት ይጎዳሉና። ማመንጫው ከለቀቀ ጉድለቱ ይብሳል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ስለዚህ መቁረጡ ሁሉ ከ47.5 በላይ ማለቅ አለበት።

ቴክሳስ 60 ሄርዝ ላይ ነው የምትሠራው። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021 በቅዝቃዜው ወቅት ፍሪኩዌንሲው ከ59.4 በታች ለ4 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ቆየ። 9 ደቂቃ ቢሞላ ማመንጫዎቹ ይለቁ ነበር። ያዳነው ሎድ መቁረጡ ነው።

መስመሮቹን ስትመርጡ ሆስፒታልና የውሃ ፓምፕ ያለበትን አውጡ። ቀጥሎ ደግሞ ይህን እዩ፦ መስመሩ ላይ ስንት ሶላር አለ? ከዓመታት በፊት 10 ሜጋ ዋት ይወስድ የነበረ መስመር ዛሬ ቀትር ላይ ወደ ኔትወርኩ ኃይል እየላከ ሊሆን ይችላል። ሪሌው ቢቆርጠው ሎድ ሳይሆን ምርት ነው የቆረጠው፤ ጉድለቱን አባባሰው። ዝርዝሩን በየሰዓቱ ፍሰት አመሳክሩ። አቅሙ ካለ ኃይሉ ወደ ላይ ሲፈስ የማይቆርጥ ሪሌ አድርጉ።

የብሪታኒያው የኦገስት 9 ቀን 2019 አደጋ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። መብረቅ አንድ መስመር መታ። ወዲያው ሆርንሲ የባሕር ላይ የነፋስ ማመንጫና ሊትል ባርፎርድ የጋዝ ማመንጫ ምርት ቀነሱ። ከእነሱ ጋር ብዙ ትንንሽ ማመንጫዎች አብረው ለቀቁ፤ የመከላከያ ሪሌያቸው መረበሹን «ከኔትወርኩ ተነጥያለሁ» ብሎ ተረድቶት ነበር። ሪዘርቩ የታሰበው ለ1000 ሜጋ ዋት ገደማ ነው፣ የጠፋው ግን ከዚያ ብዙ በለጠ። ፍሪኩዌንሲው 48.8 ደረሰ። ወደ 1.1 ሚሊዮን ደንበኞች ተቆረጡ። መብራቱ በ45 ደቂቃ ውስጥ ተመለሰ። አንዳንድ ባቡሮች ግን ከ49 ሄርዝ በታች ሲሆን ራሳቸውን ዘግተው ነበርና ቴክኒሻን መጥቶ እስኪያስነሳቸው ተሳፋሪ ይዘው ሐዲድ ላይ ቆሙ።

ከዚህ የሚወሰደው ሥራ ግልጽ ነው። ትልቁን ማሽን ብቻ አታስሉ። አብሮት ሊለቅ የሚችለውን የትንንሾቹን ድምርም ጨምሩ። የሪሌያቸውን ቅንብር ጠይቁ። በደረጃ 2 ያገኛችሁት የአወራረድ ፍጥነት ከቅንብሩ ከበለጠ፣ ጉድለታችሁ 200 ሳይሆን 300 ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ ወደ 50 መመለስና ሪዘርቩን መልሶ ማስቀመጥ

ገቨርነሮቹ 49.77 ላይ ይዘውታል። ከዚህ በኋላ ማዕከላዊው አውቶማቲክ ቁጥጥር በየጥቂት ሰከንዱ ለተመረጡ ማመንጫዎች አዲስ ትእዛዝ ይልካል፤ በደቂቃዎች ውስጥ 50 ላይ ይመልሰዋል። ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ሪዘርቭ ነጻ ይወጣል። ኦፕሬተሩ እዚህ ነው በእርጋታ ሥራውን የሚሠራው፦ ተጠባባቂ ማሽን ያስነሳል፣ ባትሪውን ያስሞላል፣ ለሁለተኛ አደጋ ይዘጋጃል። የተቆረጠውን ሎድ መመለስ የሚጀመረው ሪዘርቩ ከተመለሰ በኋላ ነው።

የትንሽ ጉድለት መቆየትም ምልክት ይተዋል። በ2018 መጀመሪያ ላይ በሰርቢያና በኮሶቮ አካባቢ የተፈጠረ የኃይል ጉድለት ለሳምንታት ሳይካካስ ቆየ። የአህጉራዊ አውሮፓ አማካይ ፍሪኩዌንሲ 49.996 ነበር። በዚያች ቅንጣት ልዩነት ጊዜያቸውን ከኔትወርኩ የሚቆጥሩ ሰዓቶች 6 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ቀሩ።

ደረጃ 8፦ ወደ ላይ ሲወጣም አትርሱ

ጃኑዋሪ 8 ቀን 2021 ክሮኤሺያ ውስጥ ኤርነስቲኖቮ ሰብስቴሽን ላይ አንድ ማያያዣ ብሬከር ተከፈተ። ሸክሙ ወደ ሌሎች መስመሮች ዞረ፣ እነሱም ተራ በተራ ለቀቁ፤ የአህጉራዊ አውሮፓ ኔትወርክ ለሁለት ተከፈለ። በሰሜን ምዕራብ 49.74 ደረሰ። በደቡብ ምሥራቅ ግን 50.6 ወጣ። አንዱ ሲራብ ሌላው ጠገበ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ተያያዙ።

ፍሪኩዌንሲ ሲወጣ ማመንጫ በልክ መቀነስ አለበት፣ በአንድ ጊዜ መልቀቅ ግን የለበትም። ጀርመን ውስጥ እጅግ ብዙ የጣሪያ ሶላሮች ልክ 50.2 ላይ በአንድ ላይ እንዲጠፉ ተደርገው ተተክለው ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ ከመጠን ያለፈው ምርት ባንዴ ወደ ከባድ ጉድለት ይገለበጥ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ቅንብራቸው እንዲቀየር ተደረገ። የእናንተ ኢንቨርተሮች ስንት ላይ እንደሚለቁ ዝርዝር ከሌላችሁ ዛሬውኑ መሰብሰብ ጀምሩ።

ደረጃ 9፦ ከእያንዳንዱ አደጋ በኋላ ግራፉን አውጡ

አደጋው አለፈ፣ መብራት አልጠፋም፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ልክ በዚህ ጊዜ ነው ውድ መረጃ የሚባክነው። በሰከንድ ብዙ ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ካለ የዚያን ደቂቃ ፍሪኩዌንሲ አውጡት። ከሥሩ የእያንዳንዱን ማመንጫ ኃይል ደርድሩ። ማን ቃሉን ጠበቀ? ማን ጀምሮ መልሶ ቀነሰ? ማን ምንም አልነቃነቀም? መልስ ያልሰጠውን ማመንጫ ደውላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ለጥገና ታግዶ ሳይከፈት የቀረ ገቨርነር ነው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰከንድ በማስመሪያ ለኩ። በስሌት የጠበቅነው በሰከንድ 0.31 ነበር። ግራፉ 0.4 ካሳየ ቀመሩን ገልብጡት፦ 200 × 50 ÷ (2 × 0.4) = 12,500። ኔትወርኩ ላይ ያለው ኢነርጂ ከገመታችሁት በሩብ ገደማ ያንሳል ማለት ነው። የነገ ምሽት ፕሮግራም ላይ 16,000ን ሰርዛችሁ 12,500 ጻፉ፣ ከዚያ ደረጃ 4ን እንደገና ሥሩት። በሰከንድ 40 ሜጋ ዋት የሚጨምረው ኔትወርክ እንኳ አሁን የሚቆመው 49.22 ላይ አይደለም፤ 49.00 ላይ ነው፣ ልክ የመጀመሪያው ሪሌ የሚነሳበት ነጥብ ላይ።